የመንኮራኩሯን ሆድ አሳዪኝ

ጥያቄ፦ «22 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሌስተር፣ እንግሊዝ አገር ነው። ሌሊት መጋዘን እሠራለሁ፤ ቀን ደግሞ ከሬዚን (ሻጋታ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠጥር ሙጫ መሰል ነገር) የተሠሩ ትንንሽ የጠፈር መንኮራኩር ሞዴሎችን እያዘጋጀሁ ቀለም እቀባለሁ። ለሰው ስሠራ ለአንዷ 45 ፓውንድ ይከፈለኛል፤ ወደ 14 ሰዓት ትፈጅብኛለች። ለአንድ ሞዴል አምራች 12 ፎቶ ልኬ አልተቀበሉኝም፤ ምክንያቱንም አልነገሩኝም። እማዬ ‹በአሻንጉሊት ቤት አይቆምም፤ አካውንቲንግ ተማሪ› ትላለች። መጋዘኑን ትቼ በዚህ ልግፋበት? ፎቶዎቹን አያይዣለሁ።»

እህቴ፣ መጋዘኑን አሁን አትተዪው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ቀሪውን ተረጋግተሽ እንድታነቢ ነው። 45ቱን ለ14 ሰዓት ስታካፍዪው በሰዓት 3.21 ፓውንድ ይደርስሻል። ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ለ21 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሠራተኛ የተቆረጠው ዝቅተኛ ክፍያ 12.21 ነበር። የቀለሙ፣ የማጣበቂያውና የፖስታው ወጪ ደግሞ ገና አልተነሣም። ደንበኞችሽን እያጎረስሻቸው ነው፤ ሽያጭ አትበዪው።

አሁን ወደ ፎቶዎቹ ልምጣ። አራተኛውን አጉልቼ አየሁት፤ ጥቁር ሰማያዊዋን። ከፊት ስትታይ ታምራለች፤ በመስኮቶቿ ላይ ያሳረፍሻቸው ቢጫ ነጠብጣቦች እጅሽ እንደማይንቀጠቀጥ ይመሰክራሉ። ከሆዷ በኩል ግን፣ በሁለቱ የሞተር አፎች መካከል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር አለ። ሁለቱ የሻጋታ ግማሾች የገጠሙበት ስፌት ነው። ሳትፍቂው ቀባሽበት፤ ቆይተሽ ለጥላ ያፈሰስሽው ቀጭን ጥቁር ቀለም ደግሞ ሥሩ ተጠራቅሞ መስመሩን ጭራሽ አደመቀው። የግራ መድፏም ጫፍ ወደ ላይ ቀና ብሏል። እነሱ ምክንያት ባይጽፉልሽም፣ እኔ በቦታቸው ብሆን ዓይኔ እዚያ ላይ ይቆም ነበር።

ለዚህ ሥራ ዓይኔ የተከፈተው ቤቴ ውስጥ ነው። ልጄ በ14 ዓመቱ ሲጀምረው የወጥ ቤቴ ገንዳ የመንኮራኩር መታጠቢያ ሆነ። የመጀመሪያዋን ግን ሳያጥብ ነበር የቀባት። በሳምንቱ ሲያነሣት ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጣቱ ተገፎ መጣ። ሬዚኑ ከሻጋታው በቀላሉ እንዲላቀቅ የሚቀባ ቅባታም ነገር አለ፤ እሱ ሳይለቅ ፕራይመርም (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) ቀለምም አይዝም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለብ ያለ ውሃ፣ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። እንደ መድፍሽ የተጣመመውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲነክሩት ይለሰልሳል፤ አቃንተው እንደያዙት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲከቱት እንደተቃና ይቀራል። የአረፋ ቀዳዳ በስቱኮ ይደፈናል። ስፌቱን በስለት ጀርባ ትፍቂና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሺዋለሽ፤ ወረቀቱ እርጥብ ይሁን፣ ማስክም አድርጊ፤ የሬዚን ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ እዚህ አይሠራም፤ እሱ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያጋጥመው፣ ሬዚንን ግን አያቀልጥም። ሱፐር ግሉ ያስፈልግሻል። ከባድ ክንፍ ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ወገን በስተሽ ቀጭን የናስ ሽቦ ሰክተሽ አጣብቂው።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ሰው ብትጠይቂ ይህንኑ ይነግርሻል። ቀኑን የሚጨርሰው ስቱኮና ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ቀለሙ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ቀጣሪም የሚገዛሽ ለዚያ ረጅም ቀንሽ ነው። በቀለምሽ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ስለዚህ 12ቱን ፎቶ ተያቸውና አራት መንኮራኩር ብቻ ምረጪ። እያንዳንዷን አራት ጊዜ አንሺ፤ ከእሽጓ እንደወጣች፣ ታጥባና ተስተካክላ፣ ፕራይመር ለብሳ፣ ካለቀች በኋላ። ከሁሉ የምትፈርደው ሦስተኛዋ ናት፤ ግራጫ ፕራይመር ገመና አይሸፍንም። ከሥር የወሰደብሽን ሰዓት ሳትቀንሺ ጻፊ፤ ዝግጅቱን ለብቻ፣ ቀለሙን ለብቻ። ሰዓቱን የሚያውቅ ሰው ዋጋውንም ያውቃል፤ ለግል ደንበኞችሽ አዲስ ዋጋ የምታወጪውም ከዚሁ ወረቀት ላይ ነው። አንዳንዶቹ ይሸሻሉ፤ ይሽሹ።

ሥራውን የት ልፈልግ ካልሽ፣ ዕድልሽ ሆኖ ቅርብሽ ነው። የጨዋታ ሞዴሎች አምራቹ ጌምስ ወርክሾፕ ዋና መሥሪያ ቤቱ ኖቲንግሃም፣ ሌንተን ነው፤ ከሌስተር በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እዚያው አካባቢ ሌሎች ትንንሽ አምራቾችም አሉ፤ አንዳንዶቹን ያቋቋሙት ከእሱ የወጡ ሰዎች ናቸው። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፤ በእንዲህ ያለ ድርጅት ውስጥ ቀለም ቀቢዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ወረፋቸውም ረጅም ነው። ሬዚን የሚያፈስ፣ ሻጋታ የሚያዘጋጅ፣ ጥራት የሚመረምር፣ ዕቃ አሽጎ የሚልክ ሰው ግን ዘወትር ያስፈልጋቸዋል። የመጋዘን ልምድሽን እዚያ ላይ አታሳንሺው፤ ከፍ አድርገሽ ጻፊው። በጓሮ በር መግባት ነውር የለውም።

ስለ ዲግሪም ሳታስቢ አልቀረሽም። ቦርንማውዝ ያለው የአርትስ ዩኒቨርሲቲ ሞዴል ሥራን በዲግሪ ያስተምራል። በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የ2025/26 ከፍተኛው የዓመት ክፍያ 9,535 ፓውንድ ነው፤ በሦስት አባዢው። የሕንፃ ሞዴል፣ የሙዚየም ማሳያ፣ የፊልም ዕቃ መሥራትም ከሳበሽ ሂጂ። ለመንኮራኩር ብቻ ብለሽ ግን ያን ያህል ዕዳ ባትሸከሚ እመርጣለሁ።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ላቀብልሽ፤ የጥርስ ቴክኒሺያን የሚባል ሙያ አለ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ሰም ይቀርጻል፣ ሬዚን ያፈስሳል፣ በፕሪንተር ያትማል፣ ያለሰልሳል፤ ከዚያ ጥርሱ የሚለብሰውን የሸክላ (ፖርስሊን) ቀለም በስስ በስሱ እየደራረበ ከታካሚው ከራሱ ጥርስ ጋር ያመሳስላል። አንቺ መንኮራኩር ላይ የምታደርጊውን እሱ ለሰው አፍ ያደርገዋል። ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ በጄኔራል ዴንታል ካውንስል መመዝገብ ግዴታ ነው፤ እየተከፈለሽ የምትማሪበት የአፕረንቲስ መንገድም አለው። «የጤና ባለሙያ» ስትያት እማዬ ፊቷ ይፈታል ብዬ እገምታለሁ። በአንድ ነገር ግን እሷም ልክ ናት፤ ሒሳብ መያዝ ያስፈልግሻል። ከግል ሥራሽ በግብር ዓመት ውስጥ የገባው ገንዘብ ወጪ ሳይቀነስ ከ1,000 ፓውንድ ካለፈ ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማሳወቅ አለብሽ፤ ደረሰኞችሽን ከዛሬ ጀምሮ አጠራቅሚ።

ያቺን ሰማያዊ መንኮራኩር እስካሁን ካልሸጥሻት አትሽጫት። ቀለሟን አራግፊ፣ ስፌቱን ፍቂ፣ መድፉን አቃኚና እንደገና ቀቢያት፤ በየደረጃው እያነሣሽ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፤ መጀመሪያ የማየው ሆዷን ነው።