ለውጭ አየር መንገድ በእንግሊዝኛ የቅሬታ ደብዳቤ ስለመጻፍ

እህቴ፣ የጠየቅሽው የብዙዎቻችን ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። እንደጻፍሽው እናትሽ ለጥምቀት ከውጭ ሲመጡ ጥር 8 ቀን አዲስ አበባ ላይ ሻንጣቸውን በላስቲክ እንደተጠቀለለ ተረከቡ። ማታ ጎንደር ገብተው ሲፈቱት ግን ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ የደም ግፊት መለኪያቸውም ተሰብሮ ተገኘ። አየር መንገዱ የውጭ ነው፤ ቅሬታውን በእንግሊዝኛ እንዴት ልጻፍ ነው ጥያቄሽ። እኔ ፒያሳ አካባቢ በጽሕፈት አገልግሎት ሥራ ላይ ስለሆንኩ ለአስጎብኚዎች፣ ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችና ለመንገደኞች እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ለዓመታት ጽፌአለሁ።

ከአጻጻፉ በፊት ቀኑ ይቅደም። ዓለም አቀፍ በረራን የሚመለከተው የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ለተጎዳ ሻንጣ የሚሰጠው የቅሬታ ጊዜ ከተረከቡበት ዕለት አንሥቶ 7 ቀን ብቻ ነው። ሻንጣው ዘግይቶ የደረሰ ቢሆን ኖሮ 21 ቀን ነበር። ቅሬታው በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በስልክ የተነገረ አይቆጠርም። ቀኖቹ ደግሞ የሥራ ቀኖች ብቻ አይደሉም፤ ጥምቀትም፣ ቃና ዘገሊላም፣ እሑድም አብረው ይቆጠራሉ። ስለዚህ የእናትሽ ጊዜ የሚያበቃው ዓርብ ጥር 15 ነው። ያ ቀን ካለፈ፣ አየር መንገዱ ካላጭበረበረ በስተቀር፣ የመክሰስ መብታቸው ያከትማል። በዓሉ ይለፍና እንግዶች ይሸኙና እያሉ መብታቸው ከእጃቸው ያመለጠ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ያንገበግበኛል። እባክሽ ዛሬውኑ ላኪው።

የለጠፍሽውን ረቂቅ አነበብኩት። እንግሊዝኛው ምንም አይልም። ነገር ግን ግማሹ ገጽ ስለ እናትሽ ዕድሜ፣ ስለ ጉዞው ድካምና ለአየር መንገዱ ስላላችሁ አክብሮት ነው፤ የበረራ ቁጥሩ የትም የለም። ይህ የማመልከቻ ልማዳችን ነው። ለመሥሪያ ቤት ስንጽፍ የአመልካቹን እንግልት አስቀድመን ሆድ ማራራት እንወዳለን። በውጭ ድርጅት የቅሬታ ክፍል የተቀመጠው ሠራተኛ ግን መጀመሪያ የሚፈልገው ፋይሉን የሚከፍትበትን ቁጥር ነው። አንድ አስጎብኚ ክፍያውን ላስቀረበት የውጭ የጉዞ ድርጅት ሦስት ገጽ ሙሉ ምሬቱን ጽፎ ልኮ ነበር። የመጣለት መልስ አንድ መስመር ነው፦ የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ላክልን የሚል። ቁጥሩን፣ ቀኑንና የቀረውን ገንዘብ ይዞ በግማሽ ገጽ እንደገና ሲጻፍ ተከፈለው።

ስለዚህ የጉዳዩ መስመር ላይ የተጎዳ ሻንጣ ቅሬታ መሆኑን፣ የበረራ ቁጥሩንና የሻንጣውን መለያ ቁጥር አስገቢ። የመጀመሪያው አንቀጽ በአማርኛ ቢሆን እንዲህ ይላል፦ «ጃንዋሪ 16 ቀን 2026 በዚህ የበረራ ቁጥር ተሳፍሬ አዲስ አበባ ደረስኩ። ሻንጣዬ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ስረከብ ጉዳቱን ማየት አልቻልኩም። በዚያው ዕለት ማታ ስከፍተው ክዳኑ ተሰንጥቆ፣ የደም ግፊት መለኪያዬም ተሰብሮ አገኘሁት።» በዚሁ ልክ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር፣ በኃላፊ ጊዜ ጻፊው። የላስቲኩ ነገር እንዳይቀር። ያለ ቅሬታ የተረከቡት ሻንጣ በደህና እንደደረሰ ስለሚገመት፣ ለምን አውሮፕላን ማረፊያው ላይ እንዳልተናገሩ አስቀድሞ መመለስ አለበት።

ቀኑን በረቂቅሽ እንዳየሁት 8/5/2018 ብለሽ በፍጹም እንዳትልኪ። እንግሊዛዊ ቢያነበው ሜይ 8፣ አሜሪካዊ ቢያነበው ኦገስት 5 ነው፤ ለሁለቱም ዓመታት ያለፉት ቅሬታ ይሆንባቸዋል። ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በፈረንጆች አቆጣጠር ጻፊ። ሰዓትም ብትጠቅሺ እንደዚሁ፤ የኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የእነሱ 8 ሰዓት ነው። የእናትሽን ስምም ፓስፖርቱ ላይ ባለው ሆሄ ልክ ጻፊ፤ አንድ ፊደል ሲለያይ ሌላ ሰው የሚመስላቸው አሉ።

ደብዳቤው በእናትሽ ስምና ፊርማ ይሁን፤ መንገደኛዋ እሳቸው ናቸው። ከላይ በሰላምታው ዲር ሰር ኦር ማዳም ካልሽ ከታች በመሰናበቻው ዩርስ ፌዝፉሊ፤ የሰው ስም ከጠራሽ ዩርስ ሲንሲርሊ። በዚህ ብዙ አትጨነቂ።

ይልቅስ የምትጠይቁት ምን እንደሆነ ቁርጥ ይበል። «ተገቢው እንዲደረግልን» የሚለው የረቂቅሽ መዝጊያ ለእነሱ ምንም አይነግራቸውም። የሻንጣውን ዋጋና የመለኪያውን ዋጋ ለየብቻ አስቀምጪ፣ ደምሪው፣ መልስ የምትጠብቁበትንም ቀን ጻፊ። የስምምነቱ የካሣ ጣሪያ ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ወዲህ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ በአሜሪካ ዶላር 2,000 ገደማ ይሆናል። ጣሪያ ነው እንጂ የሚታደል ገንዘብ አይደለም፤ የተጎዳውን ያህል ብቻ ጠይቁ። ለቴሌቪዥን እንናገራለን፣ በፌስቡክ እናወጣችኋለን የሚለውን አንቀጽ አውጪው። ስምምነቱን በስሙ መጥቀስ ከዚያ ይበልጣል።

የመሳፈሪያ ወረቀቱን፣ የሻንጣውን መለያና የግዢ ደረሰኞቹን ፎቶ አያይዢ። ደረሰኝ ከጠፋ ዕቃው መቼ እንደተገዛና ግምቱን ጻፊ። የተሰነጠቀውን ክዳን ስታነሺ መለያው አብሮ በአንድ ፎቶ ይታይ። ሻንጣውንም እንዳትጥሉት፤ ሊመረመር ይችላል። በድረ ገጻቸው ቅጽ ከሞላሽ የሚሰጥሽን የመከታተያ ቁጥር ያዢ፤ ደብዳቤውን ግን በኢሜይልም ላኪ፣ የተላከበት ቀን በእጅሽ እንዲቀር። እምቢ ካሉ ክስ ለመመሥረት ከደረሱበት ቀን አንሥቶ 2 ዓመት አላችሁ።

አስተካክለሽ ስትጨርሺ የፓስፖርት ቁጥሩን ሸፍነሽ እዚሁ ለጥፊው፤ ማታ አይቼ እመልስልሻለሁ።