ጭንቅላቱን ያዘነበለ ውሻ፣ ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ

በባሕር ዳርና በዙሪያዋ ላላችሁ ወጣት የእንስሳት ሐኪሞችና የፋርማሲ ተማሪዎች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ከመካከላችሁ አንዳንዶቹ ሚዛናቸውን የሳቱ ውሾችንና ድመቶችን የሚረዳ ጥምር መድኃኒት የመሥራት ሐሳብ እንዳላችሁ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል። በእኛ ዘመን የእንስሳት ሐኪም ማለት የበሬና የበግ ሐኪም ነበር፤ ውሻ ሲያክም የተገኘ በባልንጀሮቹ ይሳቅበት ነበር። እናንተ ያንን አልፋችሁታል። ሆኖም ሁለት መድኃኒቶች አንድ ጠርሙስ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት እያንዳንዳቸው ምን ሊሠሩ እንደሚገቡ መታወቅ አለበት። ይህም ከላቦራቶሪው በፊት ከውሻው ዓይን ይጀምራል።

በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎችና ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች አሉ። ቱቦዎቹ የጭንቅላትን መዞር፣ ከረጢቶቹ ደግሞ መዘንበሉንና ወደፊት ወደኋላ መሄዱን እየለኩ በስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል ለአንጎል ግንድ ያሳውቃሉ። እንስሳው ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ ሁለቱም ጆሮዎች መልእክት መላካቸውን አያቋርጡም። ታንኳ ላይ በግራና በቀኝ የተቀመጡ ሁለት ቀዛፊዎችን አስቡ፤ አንዱ ቢያርፍ ታንኳው ወዳረፈው ወገን ይዞራል። አንድ ጆሮው የታመመበት ውሻም ጭንቅላቱን ወደታመመው ወገን ያዘነብላል፣ ወደዚያው ይወድቃል። ዓይኖቹ ወደታመመው ጎን ቀስ ብለው ይንሸራተቱና ወደ ጤነኛው ጎን ፈጠን ብለው ይመለሳሉ። ኒስታግመስ የምንለው ይህንን ነው። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የሕሙማንን ጆሮ ሲያጥብ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓይኑ እንቅስቃሴ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሲሞቅ ወደ ተቃራኒው እንደሚሆን አስተዋለ። በዚህ መስክ በሠራው ሥራ የ1914 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው ሩሲያ ውስጥ የጦር ምርኮኛ ነበር። ሰውዬው ጆሮ እያጠበ ዓይን ማየቱ ነው የጠቀመው። እናንተ ደግሞ ስልክ አላችሁ። ዓይኑን ቅረጹት።

ዓይኑ ወደ ጎን ወይም እየዞረ የሚርገበገብ፣ ንቃቱ ያልቀነሰ፣ ስሙን ሲጠሩት ጆሮውን የሚያቆም ውሻ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከውስጥ ጆሮ ወይም ከነርቩ ነው። ዓይኑ ወደላይ ወደታች የሚሄድ ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ስታገላብጡት የእንቅስቃሴው አቅጣጫ ከተቀየረ፣ እንስሳው ከደነዘዘ፣ ወይም የእግሩን መዳፍ ገልብጣችሁ መሬት ላይ ስታስቀምጡለት ካልመለሰው ግን ወደ አንጎል ግንድና ወደ ትንሹ አንጎል ተመልከቱ። የትንሹ አንጎል ሕመም አንዳንዴ ያታልላል፤ ጭንቅላቱ ወደ ጤነኛው ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ የጭንቅላቱን አቅጣጫ ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ።

አሁን በእኛ ሀገር ከሁሉ በፊት የሚመጣውን ልንገራችሁ። ከሽንብጥም ከዘጌም የሚመጣ ባለቤት ውሻውን «ይንገዳገዳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል» ብሎ ሲያመጣው ጎረቤቱ አስቀድሞ «አብዷል» ብሎ ፈርዶበታል፤ ካልሆነም «መርዝ አብልተውታል» ተብሏል። ጎረቤቱን አትናቁት። የእብድ ውሻ በሽታ በነርቭ ምልክት በብዙ መልክ ሊጀምር ስለሚችል፣ ክትባቱ ያልታወቀና የሚንገዳገድ ውሻ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ተጠርጣሪ ነው። አፉ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ሰው ነክሶ ከሆነ ውሻው ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቅ፤ የተነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። የውሻው ነገር እስኪታወቅ ብሎ መጠበቅ የለም። የውሻ ዲስቴምፐር የሚባለው የቫይረስ በሽታም እንዲሁ አንጎል ድረስ ገብቶ ሚዛን ያሳጣል፤ ያልተከተቡ ቡችሎች ላይ አትርሱት።

ይህ ከተጣራ በኋላ ነው ስለ መድኃኒት የሚወራው። ያን ጊዜም ከምታገኟቸው ምክንያቶች ጥቂት የማይባሉት መድኃኒት ጨምሩልኝ ሳይሆን መድኃኒት አቁሙልኝ የሚሉ ናቸው። ሜትሮኒዳዞልን ውሰዱ፤ ሰው ሁሉ ፍላጂል የሚለውን። የውሻ ተቅማጥ ሲመጣ ባለቤቱ ከፋርማሲ ገዝቶ እንደ ሰው ሦስት ጊዜ ይሰጣል። 10 ኪሎ የሚመዝን ውሻ 250 ሚሊ ግራሙን በቀን ሦስት ጊዜ ከወሰደ በኪሎ 75 ሚሊ ግራም ደረሰው ማለት ነው። መርዛማነቱ በብዛት የሚታየው በቀን በኪሎ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ለቀናት ሲሰጥ ነው። ከዚያ ውሻው ይወድቃል፣ ዓይኑ ወደላይ ወደታች ይሮጣል፣ ባለቤቱም ሌላ መድኃኒት ፍለጋ ይመጣል። መፍትሔው ክኒኑን ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የ21 ውሾችን መዝገብ ያየ አንድ ጥናት፣ ዲያዜፓም የሚባለው ማስታገሻ የተጨመረላቸው በአማካይ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ፣ ያልተጨመረላቸው ግን በ11 ቀን ገደማ ማገገማቸውን አሳይቷል። ይህን አንብባችሁ ዲያዜፓምን ለድመት በአፍ እንዳትሰጡ፤ በአንዳንድ ድመቶች ላይ ጉበትን እስከሞት ድረስ ይጎዳል።

የሐይቁ ዳር ድመቶች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አሳ የሚበለትበት አካባቢ የሚኖሩ ድመቶች የሆድ ዕቃውን ጥሬውን ሲበሉ ይውላሉ። የአንዳንድ አሳ ዓይነቶች ጥሬ ሥጋ፣ በተለይም የሆድ ዕቃቸው፣ ታያሚኔዝ የሚባል ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ኢንዛይም አለው። ድመቷ መጀመሪያ ምግብ ትተዋለች፤ ቀጥሎ ትንገዳገዳለች፣ የዓይኗ ብሌን ይሰፋል፣ አንገቷ ወደታች ታጥፎ አገጯ ደረቷን ሊነካ ይደርሳል። ካልታከመች ትንቀጠቀጣለች፤ ትሞታለችም። መድኃኒቱ የታያሚን መርፌ ነው፤ በጊዜ ከተሰጠ ቶሎ ለውጥ ይታያል። ባለቤቷን ደግሞ «አሳውን ቀቅለው ይስጧት» በሉ፤ ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም። ለዚህች ድመት የማዞር መድኃኒት ምን ያደርግላታል?

ጆሮውን በመብራት ሳታዩ አትልፉ። ከውጭ ጆሮ ተነስቶ ወደ መካከለኛውና ወደ ውስጠኛው የገባ ኢንፌክሽን የተለመደ ምክንያት ነው፤ በወጣት ድመት ከሆነ ከመካከለኛው ጆሮ ወይም ከጉሮሮ በላይ የበቀለ ፖሊፕም (ትርፍ ሥጋ) ሊኖር ይችላል። ለጆሮ የሚሸጡት ጠብታዎች ደግሞ ጥምር መድኃኒቶች ናቸው። ከታወቁት አንዱ ጄንታማይሲን፣ ቤታሜታሶንና ክሎትሪማዞል በአንድ ላይ ይዟል፤ ባክቴሪያውን፣ እብጠቱንና ፈንገሱን በአንድ ጊዜ። ብልህ ጥምረት ነው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ሥራ አላቸው። የጆሮ ታምቡሩ ከተቀደደ ግን ጄንታማይሲኑ ወደ ውስጥ ዘልቆ ሊያድነው የመጣውን የሚዛን ሕዋስ ሊገድል ይችላል። ታምቡሩን ያላየ ሐኪም ጠብታ አይዘዝ።

ስለ ጥምር መድኃኒት ካነሳሁ አይቀር፣ በየወረዳው ክሊኒክ የማይጠፋውን ፔንስትሬፕ አስታውሱ። በአንድ ሚሊ ሊትር 200,000 ዩኒት ፕሮኬይን ፔኒሲሊንና 200 ሚሊ ግራም ዳይሃይድሮስትሬፕቶማይሲን የያዘው ዓይነት በከብት ክብደት የተቀመረ ነው። ሦስት ኪሎ የምትመዝን ድመት የሚደርሳት ከ0.2 ሚሊ ሊትር በታች ነው፤ በትልቅ ሲሪንጅ ይህን የሚለካ እጅ የለም። የስትሬፕቶማይሲን ቤተሰብ ጆሮን እንደሚጎዳ የታወቀው የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ በጀመሩበት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የሁለቱ መጠን አንድ ጠርሙስ ውስጥ ስለታሰረ አንዱን ቀንሼ ሌላውን ልጨምር ማለት አትችሉም። ጥምር መድኃኒት ስትሠሩ ለሚመጣው ሐኪም ሁሉ ይህን ምርጫ ቀድማችሁ እየወሰናችሁለት ነው።

መጠንን በተመለከተ ከሰው መድኃኒት ሁለት ምሳሌ ልስጣችሁ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የባክቴሪያ መድኃኒቱ ኮትሪሞክሳዞል 400 ሚሊ ግራም ሰልፋሜቶክሳዞልና 80 ሚሊ ግራም ትራይሜቶፕሪም የሆነው፣ ማለትም 5 ለ1፣ በሰው ደም ውስጥ 20 ለ1 ገደማ እንዲሆን ታስቦ ነው። በሰው ሁለቱም ከደም የሚወጡበት ፍጥነት ተቀራራቢ ነው። በውሻ ግን ትራይሜቶፕሪም በጣም ፈጥኖ ይወጣል፤ ለሰው የተጠናው ሚዛን ውሻ ሰውነት ውስጥ አይጸናም። ይህን የተረዳ ሰው «የሁለቱ ዕድሜ በደም ውስጥ እኩል ይሁን» ብሎ ሕግ ሊያወጣ ይቸኩላል። እዚህ ሐይቁ ዙሪያ ወባ ሲመጣ ሁሉም የሚያውቀው ኮአርተም ግን ተቃራኒውን ያሳያል። አርቴሜተር በሰዓታት ውስጥ ያልቃል፤ ሉሜፋንትሪን ለቀናት ይቆያል። የመጀመሪያው ጥገኛ ተሕዋስያኑን ፈጥኖ ያመናምናል፤ ሁለተኛው የተረፈውን ይለቅማል። ልዩነቱ የተፈለገ ነው። ዋናው ነገር የጊዜው ልክ ከሥራው ጋር መገጣጠሙ ነው፤ ያንንም በምትሰጡት እንስሳ ደም ውስጥ ለክታችሁ እንጂ ከሰው መጽሐፍ ገልብጣችሁ አታገኙትም።

ለማዞር በሰው ሕክምና የሚሠራበት ጥምር አለ፦ 20 ሚሊ ግራም ሲናሪዚንና 40 ሚሊ ግራም ዳይመንሃይድሪኔት። ሲናሪዚኑ በይበልጥ ውስጥ ጆሮ ላይ፣ ዳይመንሃይድሪኔቱ አንጎል ግንድ ላይ እንዲሠሩ ታስቦ ነው። ሁለት ቦታ፣ ሁለት መድኃኒት። የእናንተም ሐሳብ ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል፤ መነሻው መልካም ነው። ነገር ግን ሁለቱም ያስተኛሉ፤ አንጎል ደግሞ አንድ ጆሮ ሲጠፋበት በሌላው ላይ ተመርኩዞ ራሱን የሚያስተካክለው እየነቃና እየተንቀሳቀሰ ነው። በሰው ሕክምና የሚያስተኛውን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በላይ ማራዘም ማገገምን እንደሚያዘገይ ይታወቃል። ማስታወኩ ብቻ ከሆነ ያስቸገረው፣ ማሮፒታንት ለብቻው ያቆመዋል። ጥምሩ ከዚህ የተሻለ ምን እንደሚሰጥ ማሳየት የእናንተ ዕዳ ነው።

ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። በዕድሜ የገፋ ውሻ ያለምንም የሚታይ ምክንያት በድንገት ሲወድቅ፣ ባለቤቱ ለማስገደል እንኳ ያስባል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ግን መሻል ይጀምራል፣ በሁለትና በሦስት ሳምንት ብዙውን ጊዜ ይራመዳል። ጭንቅላቱ ትንሽ እንዳዘነበለ ሊቀር ይችላል እንጂ ይበላል፣ ይጮሃል። ያለ መድኃኒት። እንግዲህ በዚያ መካከል የሰጣችሁት ማንኛውም ነገር ፈዋሽ ይመስላል። ቫይታሚን ብትሰጡ ቫይታሚኑ፣ ስቴሮይድ ብትሰጡ ስቴሮይዱ፣ ጠበል ቢረጩበት ጠበሉ ይመሰገናል። አሥር ውሾች ዳኑልኝ የሚል ሪፖርት ይዛችሁ ብትመጡ እኔ የምጠይቃችሁ «ያልወሰዱትስ?» ብዬ ነው።

ስለዚህ ጥናቱ አራት ቡድን ይኑረው፦ አንዱን ብቻ የሚወስድ፣ ሌላውን ብቻ የሚወስድ፣ ሁለቱንም የሚወስድ፣ ሁለቱንም የማይወስድ። የማይወስደው ቡድን ተጥሎ ይቀመጥ ማለቴ አይደለም፤ ፈሳሽ፣ ለስላሳ መኝታና በእጅ መመገብ ለሁሉም እኩል ይሰጥ፤ ትውከቱ የበረታበትም ጥናቱ ይቅርበትና ይታከም። ድልድሉ በዕጣ ይሁን። የዓይኑን ቪዲዮ የሚያነበው ሰው ማን ምን እንደወሰደ አይወቅ። ንጽጽሩ በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ይሁን፤ በ21ኛው ቀን አብዛኞቹ ስለሚሻላቸው ልዩነት አታዩም። ጥምሩ ከእያንዳንዱ ብቸኛ መድኃኒት ካልበለጠ ጥምሩ አያስፈልግም፤ ያን ጊዜ አንዱን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። ደህንነቱን ደግሞ በአንድ እጥፍ፣ በሦስት እጥፍና በአምስት እጥፍ መጠን፣ ከሚታዘዝበት ጊዜ ለረዘመ ጊዜ መፈተን በዓለም አቀፍ መመሪያ የተለመደ ነው። ድመትን ከውሻ ለይታችሁ ፈትኑ። ብዙ መድኃኒት የሚፈታበት የጉበት መንገድ በድመት ደካማ ነው፤ ለሰው ጉንፋን የሚሸጥ፣ ፓራሲታሞል ያለበት አንድ ክኒን ድመት ሊገድል ይችላል።

ስለ ማቀላቀሉ ራሱ ብዙ አልልም፤ የፋርማሲዎቹ ልጆች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ለሐኪሞቹ ግን፦ በአንድ ሲሪንጅ ሁለት መድኃኒት የመሳብ ልማድ አለ፤ ተዉት። ጄንታማይሲን ከፔኒሲሊን ጋር ቢቀላቀል ኃይሉን ያጣል፤ ዲያዜፓም በውሃ ከሚሟሙት ጋር ሲገናኝ ይደፈርሳል። ጠርሙስ ውስጥ ለወራት አብረው የሚቆዩትማ ምን እንደሚሆኑ በየጊዜው እየለካችሁ ማወቅ አለባችሁ። የባሕር ዳር የመጋቢት ፀሐይ በመስኮት ገብቶ የሚያርፍበት የሱቅ መደርደሪያም እንዳለ አትርሱ።

መጀመሪያ ግን ያለ ምንም ገንዘብ የሚጀመር ሥራ አለ። የምታዩትን የሚንገዳገድ እንስሳ ሁሉ መዝግቡ፦ ዕድሜው፣ ክትባቱ፣ የበላው፣ ከመምጣቱ በፊት የተሰጠው መድኃኒትና መጠኑ፣ የጆሮው ታምቡር፣ የዓይኑ ቪዲዮ፤ በሦስተኛው ቀንና በሦስተኛው ሳምንት ምን ሆነ። መዝገቡ ሲሞላ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ዘንዘልማ ግቢ መምህራን ጋር ተቀመጡበት። ስንቶቹ በእርግጥ ማስታገሻ ያስፈልጋቸው እንደነበር ከዚያ ታያላችሁ። ጥናቱን ከመጀመራችሁ በፊት የሥነ ምግባር ፈቃድ ያዙ፤ ምዝገባው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ዘንድ ስለሆነም ምን ማስረጃ እንደሚፈልጉ በደብዳቤ ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።