ለፍሎረንስ ሰኞን አትምረጡ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ፍሎረንስ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው። ትኬታችሁ ላይ 14:30 የሚል ካያችሁ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ሮም እሄዳለሁ። ትርፍ ያለኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ሰኞ። ፍሎረንስ ደርሼ ብመለስ ምን ማየት እችላለሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ መድረሱስ ይደረሳል፤ ችግሩ ሰኞ መሆኑ ነው። ታዋቂው የሥዕል ሙዚየም ኡፊዚም፣ የማይክል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት የቆመበት አካዳሚያም ሰኞ ሰኞ ይዘጋሉ። ቀኑን መቀየር ካልቻሉ ሁለቱን ይርሷቸውና ጊዜዎን ለካቴድራሉና ለዙሪያው ይስጡ። ካቴድራሉ ለጎብኚ የሚዘጋው እሑድ ስለሆነ በዚህ በኩል ሰኞ ያዋጣዎታል።

ከሮም ቴርሚኒ ፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በመስመሩ ላይ ትሬኒታሊያና ኢታሎ የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች ይሠራሉ፤ ቀድሞ ለገዛ ዋጋው ይረክሳል፣ በዕለቱ ለሚገዛ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። መድረሻውን ሲመርጡ «ፊሬንዜ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ» የሚለውን ያረጋግጡ። መሐል ከተማ ሳይገቡ ካምፖ ዲ ማርቴ ወይም ሪፍሬዲ ላይ ብቻ ቆመው የሚያልፉ ባቡሮች አሉ። ርካሹ የክልል ባቡር ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚወስድ ለደርሶ መልስ አይሆንም።

ከጣቢያው እስከ ካቴድራሉ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ጉልላቱን ለመውጣት ቀንና ሰዓት የተቆረጠለት ትኬት ያስፈልጋል፤ በካቴድራሉ በራሱ ድረ ገጽ አስቀድመው ይግዙት። «ብሩኔሌስኪ» የሚባለው ትኬት 30 ዩሮ አካባቢ ሲሆን ጉልላቱን፣ የደወል ማማውን፣ ቤተ ጥምቀቱንና ሙዚየሙን ለሦስት ቀን ያካትታል። የጉልላቱ ሰዓት አይቀየርም፣ ያረፈደም አይገባም። ባቡሩ ከሚደርስበት ሰዓት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይተዉ። 463 ደረጃ ነው፤ አሳንሰር የለውም፤ መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ በሐምሌ ሙቀትም ቢሆን በሩ ላይ ይመልሳሉ።

ሲወጡ ግድግዳውን አይለፉት። ደረጃው የሚያልፈው በሁለት ቅርፊቶች መካከል ነው፤ ጉልላቱ አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ድርብ ግንብ ነውና። ፊሊፖ ብሩኔሌስኪ ሥራውን በ1420 ጀምሮ በ1436 ሲያደርስ፣ 45 ሜትር የሚጠጋውን ክፍት ቦታ የከደነው ከሥር ከመሬት በሚነሣ የእንጨት ፎርማ ሳያስደግፍ ነው። ታዲያ ወደ ውስጥ ያጋደለው ጡብ ማልታው ሳይደርቅ ለምን አልተንሸራተተም? በየመሐሉ ቁመው የተገነቡትን ጡቦች ይፈልጉ። የተኙትን ጡቦች ከፋፍለው ቆልፈው የሚይዟቸው እነሱ ናቸው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ሲዞር ሲገጥም ደግሞ ራሱን የቻለ ቀለበት ሆኖ የሚቀጥለውን ረድፍ ይሸከማል። በእኛ እምነት በከተማው ውስጥ ከማንኛውም ሥዕል በፊት መታየት ያለበት ይህ ግንብ ነው።

አናቱ ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል፣ ጉልላቱ ራሱ ግን አይታይም። ለፎቶ ከሆነ የጆቶ ደወል ማማ ይሻላል፤ 414 ደረጃ ቢሆንም በመሐል እያረፉ የሚያዩባቸው ደርቦች አሉት።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ ሳይወጡ ምን ላሳያቸው? (ከዋሽንግተን)

መልስ፦ ከካቴድራሉ ጀርባ ያለውን የካቴድራሉን ሙዚየም። አሳንሰር አለው፣ ከላይ ደግሞ ጉልላቱን ፊት ለፊት የሚያሳይ ሰገነት አለው። ጊቤርቲ ከ1425 እስከ 1452 የሠራው በወርቅ የተለበጠ የነሐስ በር እዚህ ነው ያለው። ቤተ ጥምቀቱ ላይ ሰው ተጋፍቶ ፎቶ የሚያነሣው ቅጂውን ነው! ማይክል አንጄሎ በስተርጅና የቀረጸው፣ ከመስቀል የወረደውን ክርስቶስ የሚያሳየው ፒየታም እዚሁ ነው። ኡፊዚ ውስጥ ጉብኝቱ የሚጀምረው ከላይኛው ፎቅ ስለሆነ ረጅም ደረጃ ያጋጥማል፤ መግቢያው ላይ አሳንሰሩን ይጠይቁ። መንገዱ በድንጋይ የተነጠፈና ወጣ ገባ ነው፤ ታክሲ ደግሞ መንገድ ላይ እጅ ዘርግቶ ማስቆም ስለማይለመድ ወደ ታክሲ ማቆሚያ መሄድ ወይም በስልክ መጥራት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ከጀርመን በመኪና እንመጣለን። ሆቴላችን መሐል ከተማ ነው። መኪናውን የት እናቁም? (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ መሐል ከተማው ፈቃድ ለሌለው መኪና የተከለከለ ነው። ፖሊስ አያስቆማችሁም፤ ካሜራ ሰሌዳውን ያነሣና ቅጣቱ ከወራት በኋላ ፍራንክፈርት ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ካለፋችሁ ሁለት ቅጣት ነው። የመኪናው ካርታ መንገድ ስላሳያችሁ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ሆቴሉ በተከለከለው ክልል ውስጥ ከሆነ ሰሌዳችሁን እንዲያስመዘግብላችሁ ከመድረሳችሁ በፊት ጠይቁ። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ከኤ1 አውራ ጎዳና ሳትወጡ የሚገባበት ቪላ ኮስታንዛ የተባለው ማቆሚያ ነው። መኪናውን እዚያ አቁማችሁ በቲ1 ትራም እስከ ሳንታ ማሪያ ኖቬላ ጣቢያ ትደርሳላችሁ።

አድራሻ ስትፈልጉም ተጠንቀቁ። ፍሎረንስ ውስጥ ሁለት ዓይነት የቤት ቁጥር አለ፤ ቀዩ በአብዛኛው የሱቅና የምግብ ቤት፣ ጥቁሩ ወይም ሰማያዊው የመኖሪያ ቤትና የሆቴል ነው። ቀይ 38 እና ጥቁር 38 በጣም ሊራራቁ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ጉዞዬ ሁዳዴ ላይ ዋለ። የጾም ምግብ አገኛለሁ? (ከለንደን)

መልስ፦ በደንብ እንጂ! የአካባቢው ሰው የሚያበስለው በወይራ ዘይት ነው። ሪቦሊታ ከነጭ ቦሎቄ፣ ከጥቁር ጎመንና ካደረ ዳቦ የሚሠራ ወፍራም ሾርባ ነው፤ ፓፓ አል ፖሞዶሮ ደግሞ ከቲማቲምና ከዳቦ። ሁለቱንም ሲያዙ የሥጋ መረቅ እንዳልገባበት ይጠይቁና «ሴንሳ ፎርማጆ» ይበሉ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ፓስታ ላይ የሚያሳስተው እንቁላል ነው፦ ታሊያቴሌና ፓፓርዴሌ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለባቸው፤ ደረቁ ስፓጌቲና ፔኔ ግን የላቸውም። በጋሪ የሚሸጠው ላምፕሬዶቶ የላም ጨጓራ ነው፤ ለፋሲካ ያቆዩት። ዳቦው ጨው የለውም፤ ረስተውት ሳይሆን የቶስካና ልማድ ነው።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ግን ዋናው ችግር ሰዓቱ ነው። ብዙ ምግብ ቤቶች 8 ሰዓት ተኩል ላይ ማእድ ቤቱን ዘግተው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው የሚከፍቱት። በዚያ መሐል ሳን ሎሬንዞ አጠገብ ያለው መርካቶ ቼንትራሌ ያድናል፤ ላይኛው ፎቅ ያሉት የምግብ መደብሮች ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ።

ጥያቄ፦ በፍሎረንስ ኢትዮጵያን የሚመለከት የሚታይ ነገር አለ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አለ፤ አብዛኛው ሰው ግን ከሥሩ ሳያየው ያልፋል። በኡፊዚ ላይኛ ፎቅ ኮሪደሮች ጣሪያው ሥር፣ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ትንንሽ የሰው ምስሎች አሉ፤ ከአራት መቶ በላይ ናቸው። ክሪስቶፋኖ ዴል አልቲሲሞ የተባለው ሠዓሊ ከ1552 ጀምሮ ለከተማው ገዥ ለኮዚሞ ደ ሜዲቺ የሠራቸው ሲሆኑ፣ የቀዳቸው ከፓኦሎ ጆቪዮ የምስል ስብስብ ነው። ከነገሥታቱ መካከል አንዱ ዐፄ ልብነ ድንግል ናቸው። ስማቸው በላቲን ፊደል ተጽፏል፣ አጻጻፉ ግን የተዛባ ስለሆነ «ድንግል» የሚመስለውን ክፍል ይፈልጉ። ምስሉ ከፍ ብሎ የተሰቀለ በመሆኑ በስልክዎ ካሜራ አቅርበው ይዩት፤ ፍላሽ ግን ክልክል ነው። ሠዓሊው ንጉሡን በዓይኑ አላያቸውም፤ ስለዚህ ፊታቸው እንዲህ ነበር ብሎ መማል አይቻልም።

ሁለተኛው ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው የሳንታ ማሪያ ኖቬላ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ1441፣ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም የተላኩ መነኮሳት የምሥራቅና የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትን አንድ ለማድረግ በተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ ፊት ቀርበዋል፤ የጉባኤው መቀመጫም እዚህ ነበር። መልእክተኞቹን የሚያስታውሰው ቅርጽ ያለው ግን ሮም ነው፦ ፊላሬቴ በ1445 በጨረሰው የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መካከለኛ የነሐስ በር ላይ።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ጀርመን ነው። ለወጣቶች በሁለት ዩሮ የሚባለው ትኬት ለእኛም ይሠራል? (ከሙኒክ)

መልስ፦ በመኖሪያ ፈቃድ ብቻ አይሠራም። ለ18 እስከ 25 ዓመት የተባለው ቅናሽ የሚሰጠው ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ነውና የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ተማሪ ሙሉውን ይከፍላል። ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ግን የየትም አገር ዜጋ ቢሆኑ እንደ ኡፊዚና አካዳሚያ ባሉ የመንግሥት ሙዚየሞች በነፃ ይገባሉ። ዕድሜያቸውን የሚያሳይ ፓስፖርት ይያዙላቸው። ካቴድራሉ የመንግሥት ስላልሆነ የራሱ ዋጋ አለው።