ስለ ሃቬላንጅ የጠየቃችሁኝ፣ የኮዬ ፈጬ ልጆች

ቅዳሜ ሜዳ ላይ ከጨዋታ በኋላ የፊፋ ነገር ተነስቶ ስንከራከር ሃቬላንጅ ማነው ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ እዚህ ልመልስ። የፊፋ ፕሬዝዳንት የነበረ ብራዚላዊ ነው። አመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሰውዬው ነጋዴ ነበር የሚባለው እውነት ነው?
መልስ፦ አዎ፣ ብራዚል ውስጥ ቪያሳው ኮሜታ የሚባል ትልቅ የአውቶብስ ድርጅት ይመራ ነበር።

ጥያቄ፦ ኳስስ ተጫውቷል?
መልስ፦ የታወቀው በዋና ነው። 1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ ዋኝቷል፣ 1952 ሄልሲንኪ ደግሞ በዋተር ፖሎ (ውሃ ውስጥ በሚጫወቱት ኳስ) ተወዳድሯል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፊፋን እንዴት ያዘው?
መልስ፦ በአፍሪካ ድምፅ ነዋ! በ1966ቱ የአለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ እንኳን ቀጥታ ቦታ አልነበረም፣ አሸናፊያችን ከኤስያና ኦሺኒያው አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ነበር ማለፍ የነበረበት፣ በዚህ ተናደው የአፍሪካ ሀገሮች ጥለው ወጡ። የያኔው የፊፋ ፕሬዝዳንት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ደግሞ የአፓርታይዷን ደቡብ አፍሪካ ሲከላከል የኖረ ሰው ነው። ከ1972 ጀምሮ ካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) ይመሩ የነበሩት የኛው ጋሽ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ፣ በደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ፈፅሞ የማይደራደሩ። ሃቬላንጅ ይሄንን አይቶ አፍሪካን እየዞረ ቦታ እጨምራለሁ፣ የወጣቶች ውድድር እጀምራለሁ እያለ ቀሰቀሰና 1974 ፍራንክፈርት ላይ 68 ለ 52 አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ካሸነፈ በኋላ ረሳን አይደል?
መልስ፦ አልረሳም፣ እዚህ ላይ ሀቁን መናገር አለብን። ደቡብ አፍሪካ 1976 ከፊፋ ተባረረች፣ 1977 የመጀመሪያው የወጣቶች የአለም ዋንጫ ቱኒዚያ ላይ ተካሄደ፣ ዋናው የአለም ዋንጫ 1982 ከ16 ወደ 24 ቡድን ሲያድግ አልጄሪያና ካሜሩን አንድ ላይ ገቡ፣ 1998 ላይ 32 ሲሆን አፍሪካ 5 ቦታ አገኘች።

ጥያቄ፦ ሌባ ነው ይላሉ ግን፣ እስቲ እሱንም ንገረን
መልስ፦ ኮካ ኮላንና አዲዳስን ይዞ ፊፋን ሀብታም አደረገው፣ እሱም ከዛው በላ። አይኤስኤል ከሚባለው የማርኬቲንግ ድርጅት ቢያንስ 1.5 ሚሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ጉቦ መቀበሉን 2012 የወጣው የስዊዝ አቃቤ ህግ ሰነድ አሳይቷል። ከአለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባልነቱ 2011 ለቀቀ፣ የፊፋን የክብር ፕሬዝዳንትነትም 2013 ተወ።

ጥያቄ፦ ስለዚህ ላመስግነው ወይስ ልርገመው?
መልስ፦ እኔን ከጠየቃችሁኝ ምስጋናው ለእነ ጋሽ ይድነቃቸው ነው። ሃቬላንጅ ድምፅ ፈልጎ ነው የመጣው፣ ድምፃችን ዋጋ እንዲኖረው ያደረጉት ግን ቦይኮቱን ያደረጉትና በአፓርታይድ ላይ አንድ ላይ የቆሙት አፍሪካውያን ናቸው። ጉቦውን ደግሞ ቦታ ስለጨመረልን ብዬ ይቅር አልለውም፣ የኳስ ብር ነበር።

ጥያቄ፦ አሁን በህይወት አለ?
መልስ፦ የለም፣ ነሐሴ 2016 ሪዮ ኦሎምፒክ እየተካሄደ እያለ እዛው ሪዮ በ100 አመቱ ሞተ።