የጉበት ኪኒኔ ዓይኔን እየጎዳኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ52 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ስላለብኝ ቴኖፎቪር የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ እወስዳለሁ። ስኳርም አለብኝ። ጀርመን ያለው ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሄፓታይተስ ቢም ሄፓታይተስ ዲም ተገኝቶበት በየሳምንቱ ኢንተርፌሮን ይወጋል። በቀደም ሲደውል «ዓይኔ ብዥ ብሎብኝ ብታይ ሬቲናህ ላይ ደም አለ፣ ከመርፌው ነው አሉኝ» አለ። እኔም ሰሞኑን የስልኬ ፊደል እየተምታታብኝ ነው። ባለቤቴ ኪኒኑን ለጊዜው ተወው ትላለች። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም! ቴኖፎቪር በድንገት ሲቋረጥ ቫይረሱ ያገረሽና ጉበትን ክፉኛ ሊያቆስል ይችላል። የወንድምዎ መርፌና የእርስዎ ኪኒን ደግሞ አይገናኙም።

ኢንተርፌሮን በዓይን ላይ የሚያደርሰውን እኛ የዓይን ሐኪሞች ከድሮው የሄፓታይተስ ሲ ሕክምና ጀምሮ እናውቀዋለን። ያኔ በሽተኛው መርፌውን ሪባቪሪን ከሚባል ኪኒን ጋር እስከ 48 ሳምንት ይወስድ ነበር። ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ እንደ ሶፎስቡቪር ያሉ ቫይረሱን በቀጥታ የሚያጠቁ ኪኒኖች መጥተው ያ ስቃይ በ12 ሳምንት ኪኒን ተተካ። ለሄፓታይተስ ዲ ግን መርፌው ዛሬም አለ። ችግሩ የሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ውስጥ በስተኋላ ያለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ቀጫጭን ደም ስሮች ሲዘጉ ነው። በመሣሪያ ሲታይ የጥጥ ብጣሽ የመሰሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች፣ አጠገባቸውም ትንንሽ የደም ጠብታዎች አሉ። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይመጣል፤ ብዙው ሰው ምንም አይታወቀውም። መርፌው ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ ግን እይታን ይጎዳል። ስለዚህ ወንድምዎ ብዥታውን ለጉበት ሐኪማቸውም ዛሬውኑ ይንገሩ። መቀጠል ወይም ማቆሙን ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስኑ። ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ደግሞ መርፌውን ሳይጀምር ዓይኑን መታየት አለበት።

ወደ እርስዎ ልመለስ። ቴኖፎቪር ሐኪሞችን የሚያሳስበው በኩላሊትና በአጥንት ነው። ስኳርም ኩላሊት ስለሚነካ ክሬቲኒን የሚባለውን የኩላሊት የደም ምርመራዎን አያሳልፉ። ለዓይንዎ ግን እኔ የምጠረጥረው ስኳሩን ነው። ከፍ ዝቅ ሲል ብቻውን እይታ ያደበዝዛል፤ ሲቆይ ደግሞ ሬቲናን ይበላል። ስልኩን ራቅ ሲያደርጉት ፊደሉ ከጠራ ግን የዕድሜ ነገር ነው፤ የንባብ መነጽር ይበቃዋል። (በ52 ዓመት ማን ያመልጣል!)

ለማንኛውም ስኳር ያለበት ሰው ቢያንስ በዓመት አንዴ የዓይኑ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናው መታየት አለበት። እርስዎ ግን ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ድንገት ጥቁር ነገር ከተንሳፈፈብዎት ወይም መጋረጃ የወረደ ከመሰለዎት በዚያው ቀን። ጠብታው ለሰዓታት ቅርብ ያለውን ያደበዝዛል፣ ፀሐዩም ይወጋዎታል፤ መኪና እንዳይነዱ። ባለቤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ የኪኒኑንም ነገር እዚያው ከሐኪሙ ይስሙ።