ሰልፉን የሳተ ሴል፦ ስለ ጡት ካንሰር ከላካችኋቸው ጥያቄዎች

«የእህቴ የናሙና ውጤት ‹ግሬድ 3› ይላል። አለቀላት ማለት ነው?» (ከደሴ፣ አራዳ)

አይደለም። ግሬድንና ስቴጅን እያምታቱ የሚደነግጡ ብዙ ናቸው። ስቴጅ ካንሰሩ የት እንደደረሰ ይናገራል፤ ግሬድ ደግሞ ሴሎቹ ከጤነኞቹ ምን ያህል እንደራቁ። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ከእብጠቱ የተወሰደውን ናሙና የሚመረምረው ሐኪም፣ በማይክሮስኮፕ ሦስት ነገር ያያል፦ ሴሎቹ አሁንም ቱቦ ይሠራሉ? የኒውክለሳቸው (ዘረመሉን የያዘው የሴሉ እምብርት) ቅርጽ ምን ያህል ተዛብቷል? ስንቶቹስ በመከፋፈል ላይ ናቸው? ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3 ይባላል። ፈጣን ነውና ሕክምናው አይዘግይ፤ ነገር ግን ግሬድ 3 ሆኖ ገና ያልተሰራጨ ካንሰር አለ።

«ካንሰር የሴል መብዛት ከሆነ የሴሎቹ አሰላለፍ ምን አገባው?» (ከኮምቦልቻ፣ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ)

ጥያቄው ከሽመና ክፍል መምጣቱ አልገረመኝም። የወተት ቱቦ ድርና ማግ አለው። ከውስጥ ያሉት ሴሎች ፊታቸውን ወደ ቀዳዳው አዙረው ይሰለፋሉ፤ ወተት የሚገፉት ሴሎች ከኋላ ያቅፏቸዋል፤ ሁሉንም ስስ ሽፋን ይከባቸዋል። ሴል ፊትና ጀርባውን ሲስት አንዱ በሌላው ላይ ይከመርና ቱቦው ይሞላል። ሽፋኑ እስካልተበሳ ድረስ ካንሰሩ እዚያው ታጥሮ ይቆያል። ከተበሳ ግን ወደ ሊምፍ (በሰውነት ውስጥ በራሱ ቱቦዎች የሚዘዋወር ፈሳሽ) እና ወደ ደም ሥር መንገድ ያገኛል።

የጡት ሴሎችን የሚያጠኑት ተመራማሪ ሚና ቢሰልና ባልደረቦቻቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ዛሬም ያስደንቀኛል። የጡት ካንሰር ሴሎችን በጄል ውስጥ አሳደጉ፤ ከዙሪያቸው ምልክት የሚቀበሉበትን ኢንቴግሪን የተባለ ፕሮቲን ሲያግዱባቸው ሴሎቹ ተመልሰው ክብ ሠርተው ተሰለፉ፤ መባዛታቸውንም ገቱ። ዘረመላቸው እንደተበላሸ ነው። ክሩ ያው፣ ሽመናው ሌላ! ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት ግን አይደለምና እንዳትጠይቁኝ።

«እናቴ ‹ብረት ከነካው ይሰራጫል› ብለው ናሙና አልሰጥም አሉ።» (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

ይህን ፍርሃት ከብዙ ቤት ሰምቻለሁ። ብረት ነክቶት ባሰበት የሚባለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም ቤት የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ሽፋኑን የበሳው ካንሰሩ ራሱ እንጂ መርፌው አይደለም። እናትዎ ዘንድ በ«ካንሰር» ስም አይጀምሩ። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ግን ናሙናው ነው ይበሏቸው።

«እብጠቱ አያመኝም። ልተወው?» (ከኮምቦልቻ)

አይተዉት። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በዚህ ሳምንት ይታዩ።