ሦስተኛ እጅ አትቀቢው

«ጋሼ፣ የመኝታ ቤታችንን ግድግዳ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ራሳችን ቀባነው። ጥሩ ነው የተባለ የውሃ ቀለም ገዝተን ሁለት እጅ አለበስነው። ሲደርቅ በጣም አምሮ ነበር። በሳምንቱ የመስኮቱ ዳር ላይ የለጠፍነውን የወረቀት ፕላስተር ስናነሳ ቀለሙ እንደ ላስቲክ ተያይዞ መጣ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ደግሞ አብጦ አብጦ ፈነዳ። ኮርኒሱ ላይ የነበረው የድሮ ቢጫ እድፍም ተመልሶ ወጣ። ባለቤቴ ‹ቀለሙ ፎርጅድ ነው› ይላል። እኔ ደግሞ አንድ እጅ ብንደግመው ይሸፍነዋል እላለሁ። ግማሽ ባልዲ ተርፎናል። ምን ይመክሩናል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ብሩሹን አስቀምጪው። ሦስተኛ እጅ አትቀቢው። ለቆ የተንጠለጠለ ቀለም ላይ ሌላ ቀለም ስትጨምሪ ክብደት ነው የምትጨምሪለት፤ ሲወርድ የበለጠ ይዞ ይወርዳል። ባለቤትሽም ቀለሙን ቶሎ ባይረግመው ጥሩ ነው። ፎርጅድ ቀለም የለም አልልም። ግን መጥፎ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ሲነካ እጅ ላይ ዱቄት ይተዋል፣ ወይም ሁለት እጅ ተቀብቶም ሥሩ ያሳያል። ያንቺ እንደ ላስቲክ ተያይዞ ነው የመጣው። ቀለሙ እርስ በርሱ በደንብ ተያይዟል ማለት ነው። ያልያዘው ግድግዳውን ነው።

ደግሞ ያለሽ ችግር አንድ አይደለም። ሦስት ቦታ፣ ሦስት የተለያየ በሽታ ነው። በአንድ ባልዲ ቀለም ሦስቱን ለማዳን መሞከራችሁ ነው ያደከማችሁ።

ከመስኮቱ እንጀምር። የተላጠውን ቁራጭ ፈልጊና ገልብጪው። እኔ ሰው ቤት ስጠራ መጀመሪያ የማየው የልጣጩን ጀርባ ነው። ጀርባው ንጹሕና ለስላሳ ከሆነ፣ ከሥሩ የቀረው ግድግዳም የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ የድሮው ቀለም የዘይት ቀለም ነው ማለት ነው። ጀርባው ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ከሥር ኖራ ወይም አርጅቶ ዱቄት የሆነ ቀለም አለ። አሸዋ ይዞ ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የቀለም አይደለም፤ ልስኑ ራሱ ለቋል።

«እንደ ላስቲክ» ማለትሽ የመጀመሪያውን እንድጠረጥር ያደርገኛል። ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ጥጥ ላይ አልኮል አድርጊ፤ ለቁስል የሚሆነው ይበቃል። የድሮው ቀለም በተገለጠበት ቦታ ላይ ጠንከር አድርገሽ እሺው። ቀለሙ ጥጡ ላይ ከወጣ የውሃ ቀለም ነው። ጥጡ ንጹሕ ሆኖ ከቀረ የዘይት ነው።

የዘይት ቀለም ሲደርቅ እንደ መስታወት ይጠጥራል። የውሃ ቀለም ደግሞ ጥፍሩን የሚያስገባበት ሻካራ ነገር ይፈልጋል። ለስላሳ ላይ ሲያርፍ ተኝቶ ይደርቃል እንጂ አይጨብጥም። ለዚህ ነው ሲደርቅ አምሮ የታያችሁ። ጉዱ የሚወጣው አንድ ነገር የጎተተው ቀን ነው።

እኔም ሥራ ስጀምር በዚሁ ተዋርጃለሁ። አንድ ሳሎን ቀብቼ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። በወሩ የቤቱ እመቤት ደውለው «ና እና እይ» አሉኝ። የልጃቸውን ሥዕል ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፈው ነበር። ሥዕሉን ሲያነሱ አንድ ክንድ የሚያህል ቀለም፣ እባብ ቆዳውን እንደሚጥለው፣ ተገፎ መጣ። በራሴ ወጪ ሙሉውን ገፍፌ እንደገና ሠራሁት። ከዚያ ወዲህ የሚያብለጨልጭ ግድግዳ ሳልፈገፍግ ቀብቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። በስፓቱላ እሺ ብሎ የሚነሳውን ሁሉ አንሺ። እምቢ ያለውን በግድ አትቆፍሪ። የቀረው በደንብ መያዙን ለማወቅ በምላጭ የመስቀል ቅርጽ ጫሪበት፣ ፕላስተር ጠበቅ አድርገሽ ለጥፊና በአንድ ጊዜ ንጠቂው። ቀለም ይዞ ከመጣ ያ አካባቢም መነሳት አለበት። አምስት ስድስት ቦታ ሞክሪ። በተለይ የበሩን ዳርና የማብሪያ ማጥፊያውን ዙሪያ አትርሺ፤ እጅ ስለሚበዛበት ቅባት አለው፣ ቀለም አይወደውም። ምናልባት ሙሉው ግድግዳ ሊነሳ ይችላል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን ሲነሳ ደስ የሚል ከሆነ እንኳን ተነሳ በይ፤ እንደዚያ የሚነሳ ቀለም ከርሞ አይቆይልሽም።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ቤቱ ያረጀ ከሆነ የድሮው የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል። አቧራው መርዝ ነው፤ ሕፃናትንና በሆድ ያለን ፅንስ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ አትፈግፍጊ፣ በማሽን አትሞክሪ፣ በእሳት አታቃጥዪ። ውሃ እየረጨሽ እርጥብ አድርገሽ ሥሪ። ደቃቅ አቧራ የሚከለክል ጭምብል አድርጊ። ልጆችና ነፍሰ ጡር ካሉ ሥራው አልቆ እስኪጸዳ ሌላ ቦታ ይቆዩ። ፍርፋሪውን በመጥረጊያ አታብኚው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቢው። ሶኬትና ማብሪያ ዙሪያ ስትደርሺ ደግሞ ኃይሉን አጥፊ። ውሃና ሶኬት አይዋደዱም።

ጸንቶ የቀረውን የዘይት ቀለም በሳሙና ውሃ እጠቢው፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂው። ከዚያ እያረጠብሽ በ120 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው። ማንሳት አይጠበቅብሽም፤ ብልጭታውን መግደል ብቻ ነው። በመዳፍሽ ስትዳስሺው ሐር መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ከርከር ካለሽ ይበቃል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ። ቀጥሎ ፕራይመር፣ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መያዣ። ማንኛውም ነጭ ነገር አይሆንም፤ ቆርቆሮው ላይ በዘይት ቀለም ወይም በሚያብለጨልጭ ገጽ ላይ እንደሚይዝ የተጻፈበትን ምረጪ። አንድ ሌሊት ይደር። ጠዋት በጥፍርሽ ጫሪው። ካልተነሳ ቀጥዪ።

ቀለም የተነሳበትና ያልተነሳበት ቦታ ድንበር ላይ ትንሽ ደረጃ ይኖራል። ብዙ ሰው «ቀለም ይሞላዋል» ብሎ ያልፈዋል። አይሞላውም፤ እንዲያውም ያጎላዋል። በስሱ ስቱኮ አልብሺው። አንድ ወፍራም ከምታደርጊ ሁለት ስስ ይሻላል፤ ወፍራሙ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በ150 ወይም በ180 ቁጥር አለስልሺው። ማታ ክፍሉን አጨልመሽ ባትሪ ከግድግዳው ጎን አስጠግተሽ አብሪ። ቀን ያላየሽው ጉድጓድና ጉብታ ሁሉ ጥላውን ይጥልልሻል። ስቱኮ የነካውን ቦታ ሁሉ ደግሞ ፕራይመር ቀቢው። አለበለዚያ ቀለሙን ይመጥጠውና ግድግዳሽ ላይ የደበዘዘ ካርታ ይሥላል።

ከሥር ያለው ዘይት ሳይሆን ኖራ ሆኖ ከተገኘ ሥራው ይለያል። መዳፍሽን ግድግዳው ላይ አሻሺ፤ ነጭ ከሆነ ብሩሽና ውሃ ይዘሽ ዱቄቱን እስኪተው እጠቢው። የቀረውን የሚያጠነክር፣ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ፕራይመር ይፈልጋል።

የቁም ሳጥኑ ጀርባ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቀለም እንዲህ ሲያብጥ ከውስጥ የሚገፋው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ውሃ ነው። ጥያቄው ውሃው ከየት መጣ ነው። ያበጠውን አንሺና ግድግዳውን በጨርቅ አድርቂው። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ አምጪ፣ አራቱንም ጎን በፕላስተር አሽገሽ ለጥፊው። ሁለት ቀን ተዪው። ስታነሺው የትኛው ፊቱ እንደረጠበ እዪ። ወደ ግድግዳው የዞረው ከረጠበ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ወደ ክፍሉ የዞረው ከረጠበ የቤታችሁ አየር ነው። ይህቺን ሙከራ እወዳታለሁ። ስንቱን ባልና ሚስት አስታርቃለች።

ከግድግዳው ውስጥ ከሆነ ቀለሙን እርሺውና ምንጩን ፈልጊ። ከጀርባው መታጠቢያ ቤት አለ? ቧንቧ ያልፍበታል? ውጭ በኩል አፈር ተከምሮበታል? አሸንዳው ግድግዳው ላይ ይፈሳል? ያ ሳይስተካከል የሚቀባ ሁሉ ብክነት ነው። ተስተካክሎም ግድግዳው እስኪደርቅ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይወስዳል። «ውሃ የማያስገባ ቀለም ቀቢበትና ተገላገዪ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። አትስሚው። በክፍሉ በኩል ስትዘጊበት ውሃው አይጠፋም፤ ጎን ይሄድና ሌላ ቦታ ይወጣል። ነጭ እንደ በረዶ የሚመስል ነገር ካየሽ ደግሞ ጨው ነው። በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። በውሃ ካጠብሽው ይሟሟና ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል።

ከቤቱ አየር ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ሲነካ ወደ ውሃ ይለወጣል። ቁም ሳጥን ተለጥፎበት ነፋስ ካላገኘ ደግሞ አይደርቅም። ሳጥኑን አንድ መዳፍ ያህል ከግድግዳው አርቂው። መስኮት ክፈቺ። እርጥብ ልብስ መኝታ ቤት አታስጪ። ጥቁር ሻጋታ ካለ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠሽ፣ ጓንት አድርገሽ፣ መስኮት ከፍተሽ እጠቢው። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር፣ በተለይ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ጋር፣ ፈጽሞ እንዳትቀላቅዪ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

የኮርኒሱ እድፍ ቀላሉ ነው። መጀመሪያ ጣሪያው ማፍሰሱን ማቆሙን አረጋግጪ። ከዚያ የውሃ ቀለም ለምን እንዳልሸፈነው ልንገርሽ፦ እድፉ በውሃ የሚሟሟ ነው። ቀለሙ እርጥብ ሳለ እድፉ ይሟሟል፣ ቀለሙ ሲደርቅ ከውሃው ጋር ተስቦ ወደ ላይ ይወጣል። አሥር እጅ ብትቀቢም ያው ነው። እድፍ የሚዘጋ፣ የዘይት ወይም ሼላክ ከተባለ ሙጫ የተሠራ ፕራይመር አንድ እጅ ቀቢበት። ከእድፉ ዳር አንድ ስንዝር አልፈሽ። ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይኑር። ሲደርቅ ኮርኒሱን ሙሉውን አንድ እጅ ቀቢው። ቦታውን ብቻ ከቀባሽ እድፉ ጠፍቶ ጥገናው ይታያል። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ሁሉም ሲዘጋጅ መቀባቱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከኮርኒሱ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ፤ በርና ዞኮሎ (የግድግዳው ግርጌ ጠርዝ) መጨረሻ። ማዕዘኖቹን በብሩሽ አውጪና ሳይደርቁ ወዲያው በሮለር ተከተዪ። አንቺ በብሩሽ፣ ባለቤትሽ በሮለር ብትከፋፈሉት በጣም ጥሩ። አንድ ግድግዳ ሳትጨርሱ እረፍት አትውጡ፤ የደረቀው ዳር ላይ ተመልሳችሁ ስትቀቡ መስመሩ አይጠፋም። ሊደርቅ የጀመረ ቦታ ላይ «ትንሽ ጎደለች» ብለሽ ሮለር አትመልሺ። ሁለተኛው እጅ ያርመዋል። በመካከሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ስጪው፣ እርጥብና ቀዝቃዛ ቀን ከሆነ ከዚያም በላይ።

ፕላስተሩንም አንድ ሳምንት ማቆየት አልነበረባችሁም። ቀለሙ ደርቆ ፕላስተሩንና ግድግዳውን አንድ ላይ ይሰፋቸዋል። የመጨረሻው እጅ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ፣ ወደ ራሱ አጥፈሽ፣ በሰያፍ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ከደረቀብሽ ዳሩን በምላጭ ቁረጪና ከዚያ ሳቢ።

ግማሹ ባልዲ አይጣልም። ክፈቺና አሽቺው፤ የበሰበሰ ሽታ ከሌለው በስስ ጨርቅ አጥልለሽ ተጠቀሚበት። ይበቃ እንደሆነ አስዪው። ክፍሉ 4 በ3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.6 ቢሆን ዙሪያው 14 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 36 ካሬ ገደማ። በርና መስኮት ሲቀነስ 33 ያህል ይቀራል። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 6 ሊትር ተኩል አካባቢ ትፈልጊያለሽ። ካነሰሽ አዲስ ግዢ፤ ግን ሥራ ከመጀመርሽ በፊት አዲሱንና አሮጌውን በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅዪው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል፤ ግድግዳው መሃል ላይ ከምታውቂው አስቀድሞ ቢቀላቀል ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፍሽን ክዳን ባለው ትንሽ ብልቃጥ እስከ አፉ ሞልተሽ አስቀምጪው። የክፍሉን ስምና ቀኑን ጻፊበት። ቁም ሳጥኑ ወደ ቦታው ሲገፋ ግድግዳውን መጫሩ አይቀርም።